«መሥራቱን ማን ያረጋግጣል?» ላለችኝ የባዮኢንጂነሪንግ ተማሪ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የጻፍሽልኝን አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው፦ አባትሽ ሃርት አታክ ካገኛቸው በኋላ ከሆስፒታል የወጡት የሚለበስ ዲፊብሪሌተር ታጥቀው ነው፤ የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል፣ እንደ ሰደርያ የሚለበስ መሣሪያ። ሰደርያው አንድ ሌሊት ጮኾ ቤቱን ሁሉ ሲቀሰቅስ «ይህ ነገር በእርግጥ እንደሚሠራ ማን አረጋገጠ?» ብለሽ አሰብሽ፤ አሁን አረጋጋጯ ራስሽ መሆን ትፈልጊያለሽ። ሦስተኛ ዓመት ባዮኢንጂነሪንግ ላይ ነሽ፣ እናትሽ ግን ሐሳባቸውን ነርሲንግ ላይ ጥለዋል። የሥራውን ስም፣ ማስተርስ ማስፈለጉንና «እማዬን ምን ልበላት» የሚለውን ጠየቅሽኝ።

የሥራው ስም አንድ አይደለም፤ ምክንያቱ ያለው መሣሪያው ውስጥ ነው። ሃርት አታክ ያገኘው ሰው ልብ ደም የመርጨት አቅሙ 35 በመቶና ከዚያ በታች ከወረደ፣ ምቱ በድንገት ተዛብቶ ሊገድለው ይችላል። ደረት ውስጥ የሚቀበረው ዲፊብሪሌተር ግን ወዲያው አይገባለትም። የአሜሪካ የሕክምና መመሪያዎች ቢያንስ 40 ቀን፣ የደም ሥሩ ከተከፈተለት ደግሞ 90 ቀን ይጠበቅ ይላሉ፤ ልቡ በመድኃኒት ሊያገግም ይችላልና። ሰደርያው ለዚህ መሐል የተሠራ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ የመጀመሪያውን የፈቀደው በ2001 መጨረሻ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ።

የሚቀበረውን ታማሚው አያወልቀውም። ይሄኛው ለሻወር ይወልቃል፣ ሲያሳክክ ይወልቃል፣ ባትሪው በየቀኑ ይቀየራል። ስለዚህ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ይሆናል፦ ሲለበስ ይሠራል? ሰዉስ ይለብሰዋል?

ወደዚህ መስክ ልትገቢ ከሆነ ቬስት የተባለውን ጥናት በቃልሽ ያዢው። በ2018 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ነው የወጣው። ልባቸው እንዲያ የደከመ 2,302 የሃርት አታክ ታማሚዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ 1,524ቱ ከመድኃኒት ጋር ሰደርያው ተሰጣቸው፣ 778ቱ መድኃኒት ብቻ። ክትትሉ 90 ቀን ነው። ጥናቱ ሲነሣ ሊለካ ያሰበው በልብ ምት መዛባት የሚመጣን ሞት ነበር፤ ሰደርያ ከተሰጣቸው 1.6 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 2.4 በመቶ በዚህ ሞቱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን አልደፋም፤ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። በማንኛውም ምክንያት የሞቱት ሲቆጠሩ ግን 3.1 በመቶ ለ4.9 በመቶ ሆነ። ከሰደርያው ወገን የሞቱት 48 ነበሩ፤ በሞቱበት ሰዓት ለብሰውት የተገኙት 12 ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ኢንጂነር ይቸኩላል። «እንግዲያው ጥፋቱ የታማሚው ነው፤ የለበሱትን ብቻ ለይተን ካልለበሱት ጋር እናወዳድር» ይላል። ወጥመድ ነው። ሰደርያውን ሳያወልቅ የሚሰነብት ሰው መድኃኒቱንም በሰዓቱ የሚውጥ፣ ቀጠሮውን የማያዛንፍ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያተረፈው ሰደርያው ይሁን ጠባዩ በምን ትለዪዋለሽ? መጀመሪያውኑ ዕጣ የሚጣለው ለዚህ ነው። በቃለ መጠይቅ «ቬስት ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም?» ብትባዪ «በዋናው መለኪያው አልተሳካም፤ የጠቅላላው ሞት ልዩነት ደግሞ ሁለተኛ መለኪያ ስለሆነ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም» ብለሽ ጀምሪ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ይህን መልስ ከሦስት ሰርተፊኬት አስበልጠዋለሁ።

አሁን ወደ ላብራቶሪው። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ቴስት ኢንጂነር» ወይም «ቬሪፊኬሽን ኤንድ ቫሊዴሽን ኢንጂነር» የሚል ታያለሽ። ጠረጴዛሽ ላይ በሰው ደረት ፈንታ ሬዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚገታ ዕቃ፣ ተቀምጧል። አይኢሲ 60601-2-4 የተባለው የዲፊብሪሌተር ስታንዳርድ የሚወጣው ኃይል ከ25 እስከ 175 ኦም ድረስ በተለያየ ሬዚስታንስ ላይ እንዲለካ ይጠይቃል፤ የሰው ደረት አንድ ዓይነት አይደለማ። መሣሪያው 150 ጁል እሰጣለሁ ብሎ የለካሽው ከዚያ ከ15 በመቶ በላይ ከራቀ ወድቋል። የማለፊያውን መስመር ደግሞ ሙከራው ሳይጀመር ጽፈሽ ፈርመሽበታል፤ ውጤቱን አይቶ መስፈርቱን ማላላት የለም። ሲወድቅ ደግመሽ ለክተሽ ያለፈውን መመዝገብ ሳይሆን፣ የወደቀበትን ከነምክንያቱ መጻፍ ነው ሥራሽ። ይህ የሚያሰለችሽ ከሆነ ካሁኑ እወቂው።

ኃይል ከመስጠት ይልቅ የሚከብደው መቼ እንደሚሰጥ ማወቁ ነው። ሰደርያው ልብን የሚያዳምጠው ቆዳ ላይ በሚያርፉ ኤሌክትሮዶች ነው፤ ሰውየው ይራመዳል፣ ያልበዋል፣ እጁን ያነሣል። ገዳዩን የልብ ምት ካለፈው ሰው ይሞታል፤ ያልሆነውን ነው ካለ ነቅቶ የተቀመጠን ሰው በኤሌክትሪክ ይመታል። በቬስት ጥናት ተገቢውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ያገኙት 20 ሰዎች ሲሆኑ 9 ሰዎች ያለ ቦታው ተመተዋል። ይህን ማንንም ሳይጎዱ እንዴት ይሞክሩታል? ኤፍዲኤ በ2021 የፈቀደው አሹር የተባለው ሰደርያ የሐሰት ደወሉ ብዛት የተጠናው ቀድሞውኑ ደረታቸው ውስጥ ዲፊብሪሌተር የተቀበረላቸው ሰዎች ለብሰውት፣ ንዝረት እንዳይሰጥ ተዘግቶ ነው። እንዲህ ያለ ዘዴ ማሰብ የሚያስደስትሽ ከሆነ ቦታሽ ይሄ ነው። (ላባትሽ፦ ደወሉ ሲጮኽ ቁልፉን እሳቸው ብቻ ይጫኑት። ደንግጣችሁ ሌላ ሰው ከተጫነላቸው መሣሪያው ራሳቸውን ያውቃሉ ብሎ ንዝረቱን ሊያስቀር ይችላል።)

አንቺን ሳስብ ግን ዓይኔ የሚሄደው ሰው መሣሪያውን እንዴት እንደሚጠቀምበት ወደሚያጠናው፣ ሂውማን ፋክተርስ ወደሚባለው ዘርፍ ነው። ኤፍዲኤ በጥር 2018 ላይፍቬስት 4000 ስለሚባለው ሰደርያ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ፈልገሽ አንብቢ። መሣሪያው ንዝረት ለመስጠት መሙላት ሊያቅተው የሚችልበት ብልሽት ሲያጋጥም «ኮድ 102» የሚል መልእክት አውጥቶ ለአምራቹ እንዲደወል ይጠይቅ ነበር፤ ይህ መልእክት ከታየ በኋላ ሕክምና ሳይሰጥ የቀረበት አንድ ሞት ተመዝግቧል። የኤሌክትሮኒክስ ሰው እዚህ ውስጥ የሚያየው ኃይሉን የሚያጠራቅመውን ካፓሲተር ነው። የሂውማን ፋክተርስ ሰው ግን «አንድ ቁጥርና ‹ደውሉ› የሚል ቃል፣ ነገሩ የዛሬ መሆኑን ለታማሚው ይነግረዋል?» ብሎ ይጠይቃል። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ሽማግሌስ? ኤፍዲኤ በ2016 መመሪያው ከእያንዳንዱ የተጠቃሚ ዓይነት ቢያንስ 15 ሰው መሣሪያውን ሲጠቀም እንዲታይ ይመክራል። ከነዚያ 15 መሐል እንደ አባትሽ ያለ ሰው መኖሩን ለመጠየቅ ሲልቨር ስፕሪንግ በሐበሾች መሐል ያደገች ልጅ ከማንም ትቀድማለች።

ማስተርስ አሁን አይደለም። ለቴስት ኢንጂነርነት የመጀመሪያ ዲግሪ ያስገባል፤ ሥራ ይዘሽ ቀጣሪው ቢከፍልልሽ ይሻላል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ግን ባዮስታቲስቲክስ ውሰጂ፣ በግድም ቢሆን። ስለ ስታንዳርዶች ጠይቀሽኛል፦ ሁሉንም አትሸምድጂ፤ የአደጋ ትንተናውን አይኤስኦ 14971 ከተረዳሽ ሌላው ይከተላል።

ለእማዬ እንዲህ በያት፦ እንዲህ ባሉ ጥናቶች ታማሚውን መዝግቦ የሚከታተለው፣ «ትናንት ስንት ሰዓት ለበሱት? ለምን አወለቁት?» ብሎ የሚደውለው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ነርስ ነው። ስለዚህ የእሷ ሐሳብ ከመስመሩ የወጣ አይደለም። ሦስት ዓመት ከተማርሽ በኋላ ዘርፍ መቀየሩን ግን አልደግፍም፤ ዲግሪ ላላቸው ሰዎች ያጠረ የነርሲንግ ፕሮግራም ስላለ በሩ አይዘጋም። እውነተኛው ጥያቄዋ «ያበላል ወይ?» ይመስለኛል። ያበላል።

የት ትጀምሪ? ኤፍዲኤ እኮ ጎረቤትሽ ነው። ዋይት ኦክ ግቢው ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎች ማዕከልና የራሱ የምርምር ላብራቶሪዎች አሉት፤ ኦራይዝ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ተማሪዎችንና አዲስ ተመራቂዎችን ያሠለጥናል። የመግቢያ መስፈርቱን በደንብ አንብቢ፤ ለቋሚ የፌዴራል ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት ይጠየቃል፣ የአንቺን አልነገርሽኝም። ከአምራቾቹ የላይፍቬስቱ ፒትስበርግ፣ የአሹሩ ሲያትል አጠገብ ከርክላንድ ናቸው። አንድ ቀን አዲስ አበባ ልግባ ብትዪም የለመድሽው የዲፊብሪሌተር ኃይል አለካክ ለሆስፒታል ባዮሜዲካል ክፍል የዕለት ሥራ ነው።

ሬዙሜሽን አይቼዋለሁ። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምትችል» የሚለውን አውጪው። የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምልክት መለኪያ) ፕሮጀክትሽን «ማጉያ ሠራሁ» ብለሽ ነው ያለፍሽው። በምትኩ ምን እንደለካሽ፣ መስፈርትሽ ስንት እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደሞከርሽና የት ላይ እንደወደቀ በሁለት መስመር ጻፊና መልሰሽ ላኪልኝ።