የዎርድ ስታይል ከየት ይጀመራል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍሽን በአማርኛ ጨርሰሻል። አማካሪሽ ግን «የርእሶቹን መጠን ቀይሪ፣ ማውጫውንም አስተካክዪ» ብለው መልሰውልሻል። ጓደኛሽ ስታይል (ዎርድ ውስጥ የርእስንና የአንቀጽን መልክ በአንድ ስም አስቀምጦ የሚያዝልሽ) ተጠቀሚ ብትልሽም፣ ማስረከቢያው ስለደረሰ መማሩ ያዋጣኛል ወይ ብለሻል። ያዋጣል። እንዲያውም ስታይል የሚያስፈልገው ጊዜ ላጠረው ሰው ነው።

የምሠራው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ምረቃ ሲቃረብ የሚመጣልን ፋይል ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ርእሱ አንድ በአንድ ቦልድ ተደርጎ 14 ተሰጥቶታል። ምዕራፉ አዲስ ገጽ ላይ የወረደው ኢንተር እየተደጋገመ ነው። ማውጫው ላይ ነጥቡ በጣት ተደርድሮ መጨረሻው ላይ የገጽ ቁጥር ተጽፏል። ከዚያ አማካሪው ምዕራፍ ሁለት ላይ አንድ አንቀጽ ያስጨምራሉ። በቃ፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይንሸራተታል፤ ማውጫው እንደገና በእጅ ሊለቀም ነው። ውሃ ወቀጣ!

ቦልድ ስታደርጊ ዎርድ የሚያውቀው ፊደሉ መወፈሩን ብቻ ነው። ርእስ መሆኑን የምትነግሪው በስታይል ነው።

ለአሁኑ ከሦስት አትለፊ፤ ኖርማል ለተራው ጽሑፍ፣ ሄዲንግ 1 ለምዕራፍ ርእስ፣ ሄዲንግ 2 ለንዑስ ርእስ ይበቁሻል። ፋይልሽን ኮፒ አድርገሽ በኮፒው ላይ ሥሪ። ከርሰሩን የምዕራፉ ርእስ ላይ አድርጊና ኮንትሮል፣ አልትና 1ን አንድ ላይ ተጫኚ። ለንዑስ ርእስ በ1 ፈንታ 2 ነው። ርእሱ ሰማያዊ ቢሆንብሽ አትደንግጪ። ብዙ ሰው ስታይልን እርግፍ አድርጎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው፣ መልኩ አስጠልቶት። ሆም ላይ ሄዲንግ 1 የሚለውን ራይት ክሊክ አድርገሽ ሞዲፋይ በዪ። ቀለሙን ጥቁር አድርጊ፣ መጠኑን አማካሪሽ ባሉሽ ቀይሪ። ኦኬ ስትይ የምዕራፍ ርእሶቹ በሙሉ አብረው ይቀየራሉ። እዚያው ሞዲፋይ ውስጥ ፎርማት፣ ቀጥሎ ፓራግራፍ ብለሽ «ፔጅ ብሬክ ቢፎር» ላይ ምልክት አድርጊ፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ በራሱ አዲስ ገጽ ይጀምራል። «ኦቶማቲካሊ አፕዴት» የሚለውን ግን አትንኪ። እሱ ከበራ አንዱን ርእስ ስትነካኪ ሌሎቹም ይከተሉታል።

አማርኛ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ታይምስ ኒው ሮማን የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ዎርድ ሳይነግርሽ ኒያላ ወይም ኢብሪማ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይተካል። ስለዚህ ስታይሉ ላይ ራሱ ኒያላን ወይም አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ምረጪ። «ምዕራፍ አንድ» እና «መግቢያ» በኢንተር ተለያይተው ከሆነ ማውጫው ሁለት ርእስ አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ «ምዕራፍ አንድ፦ መግቢያ» ብለሽ በአንድ መስመር ጻፊው። ደግሞ ከድሮ ፋይል የገለበጥሽው ጽሑፍ ካለ ተጠንቀቂ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉት የቀድሞ ፎንቶች የተጻፈው ግን ከሥሩ የላቲን ፊደል ነው። ስታይል ስትሰጪው ፎንቱ ይቀየርና ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይሆንብሻል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ።

ስታይል ሰጥተሽው እምቢ የሚል አንቀጽ አይጠፋም። በእጅ የተሰጠው መጠንና ፎንት ላዩ ላይ ስለተቀመጠ ነው። አንቀጹን መርጠሽ ኮንትሮልና ስፔስ ተጫኚ፣ ይራገፋል። ብቻ ሆን ብለሽ ያጋደልሻቸው ቃላትም አብረው ስለሚሄዱ ሙሉውን ሰነድ በአንዴ መርጠሽ እንዳታደርጊው።

ከዚህ በኋላ ማውጫው እዳው ገብስ ነው። በጣት የሠራሽውን ደምስሺና ሪፈረንስስ ውስጥ ቴብል ኦፍ ኮንተንትስን ምረጪ። ጽሑፉን በነካካሽ ቁጥር ማውጫው ላይ ክሊክ አድርገሽ ኤፍ 9፣ ከዚያ «አፕዴት ኢንታየር ቴብል»። ይህን ፕሪንት ከማድረግሽ በፊት የግድ አድርጊ፤ ከማተሚያው ፊት ቆመው የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው።

የሰንጠረዥና የሥዕል ዝርዝርም በካፕሽን (በሰንጠረዡ ወይም በሥዕሉ መግለጫ ጽሑፍ) በኩል በራሱ ይሠራል፤ ሰንጠረዥሽ ጥቂት ከሆነ ግን አሁን አትድከሚበት። ይልቅ ቪው ውስጥ ናቪጌሽን ፔን የሚለውን አብሪው። በግራ በኩል ርእሶችሽ ተዘርዝረው ይመጣሉ። እዚያ የጎደለ ርእስ ካለ ሄዲንግ አልተሰጠውም ማለት ነው።