ጉድጓድ ስለገቡት አለቃዬ እና ስለ ራሳችሁ መጻፍ ለምትፈልጉ ልጆች

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ቡና ላይ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ነርሲንግ ተማሪ ናት። አታችመንት፣ ማለትም ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ፣ በወጣች በመጀመሪያ ቀኗ ከመደንገጧ የተነሳ በሽተኛውን ልጅ ትታ አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጡትን አስታማሚ አባቱን ደም ግፊት ለክታ ቻርቱ ላይ ትመዘግባለች፣ ሲኒየሯ መጥታ "ይሄ ጎረምሳ ይሄን ሁሉ ግፊት ከየት አመጣው" ስትል ነው የገባት፣ ለካስ አባትየውም እስከዛች ቀን ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም ኖሯል። ይሄን ጽፋዋለች። ከስልኳ ስታነብልኝ ሲኒው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከዛ "ጋሼ፣ ይሄን ብለጥፈው ሰው አይንቀኝም?" አለችኝ።

ለጥፊው አልኳት። እንደ ቀላል ነገር ቶሎ ነው ያልኳት፣ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ አለቃዬ ትዝ አሉኝና።

እኔ ሳኒታሪያን ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የዛሬ ልጆች ሳኒታሪያን ስላችሁ በኮሮና ጊዜ እጃችሁን የቀባችሁት ነገር ይመስላችኋል። ደንቢያ ላይ ወባ ሰው ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. እዚህ ጎንደር የጤና ኮሌጁ ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስ እና ሳኒታሪያን ነበር የሚያሠለጥነው፣ ሦስቱም አንድ ላይ ሆነው ገጠር ይወርዳሉ። መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ እናቶችና ሕፃናትን ታያለች፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያሠራል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል። ሽማግሌ ተልኮ "ልጁ ምን ይሠራል" ሲባል "ጤና ላይ ነው" ይባልና ወሬው ቶሎ ይቀየራል። እኔን ራሴን ባለቤቴ ዶክተር መስዬአት ነው ያገባችኝ ትላለች፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

አለቃዬ ከኔ በብዙ ዓመት የሚበልጡ፣ የኮሌጁ የመጀመሪያዎቹ ዘመን ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊልድ ሲወጡ እንኳ ክራቫት የማይፈቱ፣ ሰላምታቸው የሚያስፈራ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የሚያወሩት ስለወደቁበት ነው። ላንድሮቨሩ ውስጥ አቧራ እየጠጣን ስንሄድ ስንቴ እንደሰማነው አላውቅም፣ የጉድጓዱን ጨዋታ።

ወጣት ሆነው ደንቢያ ውስጥ ከቆላ ድባ ወረድ ያለ አንድ መንደር ይላካሉ። ሥራቸው ሞዴል ሽንት ቤት ማሳየት ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ከላይ ግንድ ይረበረባል፣ ጭቃ ይመረግበታል፣ መሀሉ ላይ ቀዳዳ ይተዋል፣ አለቀ። ሰው እንዲበዛላቸው ቀኑን የገበያ ቀን አደረጉት። ጭቃ ሹሙ መጡ፣ ቄሱ መጡ፣ እናቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆሙ። አለቃዬ ያኔ ገና ከኮሌጅ የወጡ ትኩስ ናቸው፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ የተወለወለ ጫማ። ንግግር ጀመሩ፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ ዝንብ እግር፣ ዝንብ በእግሯ ይዛ ከሜዳው ወደ እንጀራው ስለምታመጣው ነገር። ሰዉ ፀጥ ብሎ ይሰማል። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ "ለመሆኑ ልጄ፣ ሰው ቢቆምበት ይችላል?" ብለው ጠየቁ። እዚህ ጋ ሲደርሱ አለቃዬ ሁሌ ደረታቸውን ይነፋሉ። "እንኳን ሰው በሬ ይችላል!" ብለው ወጡበት፣ መውጣት ብቻ አይደለም፣ እንዲያምኗቸው ዘለል ዘለል አሉበት።

ግንዱን ለካ ነቀዝ በልቶታል። ደግነቱ ጉድጓዱ ገና አልተመረቀም፣ የዝናብ ውሃ ብቻ ነው ያቆረው። አለቃዬ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል፣ ክራቫታቸው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። አንድም ሰው አልሳቀም፣ ከከተማ በመጣ የመንግሥት ሰው ላይ ማን ደፍሮ ይስቃል። አንዲት አሮጊት ብቻ ቀረብ ብለው ወደ ታች አዩና ከልባቸው አዝነው "ውይ ልጄን፣ እኛስ ሜዳ ለሜዳ ስንቀመጥ ኖረን አንድ ቀን ወድቀን አናውቅም" አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት አለቃዬ ናቸው፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆነው። ከዛ ገበያው በሙሉ ሳቀ፣ በጠፍር ጎትተው አወጧቸው፣ ጠላ አጠጧቸው፣ የሰው ሱሪ አልብሰው ሸኟቸው። በሌላ ጊዜ ሲመለሱ የዛ ጠያቂ ሽማግሌ ጓሮ ተቆፍሯል፣ ወለሉም ወይራ ነው። "ያንተን አይተን ነው ወይራ ያደረግነው" አሏቸው።

ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ይሄንና ሌላ ሌላውን በደብተር ጻፉት። ለአንድ ፈረንጅ ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆመው የነገሥታቱን ተራ አዘበራርቀው ሲያስረዱ ቆይተው ሰውዬው ታሪክ አስተማሪ ሆኖ የተገኘበት አለ፣ አማታቸው ቤት መጀመሪያ የሄዱ ቀን ወንበር የሰበሩበት አለ። አንድ ሌሊት አዋሱኝና እያነበብኩ ስስቅ ባለቤቴ ተነስታ ሳሎን ሄዳ ተኛች። ከዛ አንድ መሥሪያ ቤት የምሥረታ በዓል መጽሔት ሊያወጣ የአንጋፋ ሠራተኞች ታሪክ ሲሰበስብ ደብተሩን ሰጧቸው። መጽሔቱ ወጣ። ስለ አለቃዬ አንድ አንቀጽ አለ፣ "በተሰማሩበት የሥራ መስክ ሁሉ በትጋትና በቅንነት አገልግለዋል"። የኮሚቴው ሰውዬ "ለእሳቸው ክብር አይመጥንም ብለን ነው" አለኝ። ደብተሩን ስንጠይቅ መጀመሪያ ካቢኔ ውስጥ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ቁልፉን የያዘው ሰው ተዛውሯል፣ ቀጥሎ ቢሮው ራሱ ተዛውሯል። በዛን ጊዜ ፒያሳ ላይ ፎቶ ኮፒ በሳንቲም ነበር።

ሲያርፉ ቀሃ ኢየሱስ ነው የቀበርናቸው። የሕይወት ታሪካቸው በሜጋፎን ተነበበ፣ ከአባታቸው ከእገሌ ከእናታቸው ከእገሊት፣ ታታሪ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ፣ ወረቀቱ ላይ ስሙን ብትቀይረው ለማንም ይሆናል። ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወትን አንዱ የደንቢያውን ጉድጓድ አነሳ፣ ሌላው የወንበሩን፣ ሌላው እኔ የማላውቀውን። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ስቀው ስቀው ሲያበቁ "እናንተ፣ ይሄን አታነቡም ነበር እንዴ!" ብለው ተቆጡን።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሰው አይንቀኝም ወይ ለሚለው ያለኝ መልስም ከዚህ ሌላ የለም። ያን ኮስታራ ሰው እንደ አባታችን ያየናቸው ጉድጓድ ውስጥ ስለገቡልን ነው። እሳቸው ፊት የተሳሳተ ጀማሪ አይዋሽም ነበር፣ ምክንያቱም የሳቸውን ቀድሞ ሰምቷል።

እኛ ደግሞ ገመና ሸፋኝ ሕዝብ ነን። ግን ይቺው ከተማ ናት አለቃ ገብረ ሐናን ያኖረችው፣ የበአታን ቤተ ክርስቲያን ያስተዳደሩትን። ስለሳቸው ከሚወራው ሁሉ ለኔ የሚጥመኝ የተሸነፉበት ነው፣ አህያ የሚነዱ ሴቶችን "እንደምን አደራችሁ የአህያ እናቶች" ቢሏቸው ሴቶቹ ደርበው "ደህና አደርክ ልጃችን" አሏቸው ይባላል። እሳቸው ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፣ ሰው ያቺን ቅኔ አዋቂው የተረቱባትን ነገር ዛሬም እያወራ ይስቃል፣ ማንም ደግሞ ገብረ ሐና ሞኝ ናቸው ሲል ሰምቼ አላውቅም። ፈረንጆቹም ጋ ያው ነው። ሞንቴኝ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1580 እ.ኤ.አ. ስለ ኩላሊት ጠጠሩና ስለሚረሳ ጭንቅላቱ ሳያፍር ጽፎ እስካሁን ይነበባል። አሜሪካ ያለችው ልጄ ያስተዋወቀችኝ ዴቪድ ሴዳሪስ የሚባለው ጸሐፊም ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት አልፎ ኒው ዮርክ ትልቅ ሱቅ ውስጥ አረንጓዴ ልብስ ለብሶ የገና አባት ረዳት ሆኖ መሥራቱን በ1992 እ.ኤ.አ. ሬዲዮ ላይ አንብቦ ነው ሰው ያወቀው። ሌላው የሚደብቀውን ሲቪ ይዞ ወጣ።

አጻጻፉን በተመለከተ ሰዋሰው ምናምን እኔ አልነግራችሁም፣ እሱን ታውቁታላችሁ ወይም አታውቁትም። አንድ ነገር ብቻ ከአለቃዬ የተማርኩት፣ የወደቃችሁበትን ቅጽበት አታስረዝሙት። እሳቸው ግንዱ የተሰበረበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፣ ጊዜ የሚወስዱት ዝንቧ ላይ፣ ክራቫቱ ላይ፣ "በሬ ይችላል" ላይ ነው። ያቺ ልጅም ግፊቱን ከመለካቷ በፊት ስቴቶስኮፑን አንገቷ ላይ አድርጋ በስልኳ ራሷን ፎቶ ማንሳቷን ቆርጣ አውጥታው ነበር፣ ጨምሪው አልኳት፣ ሳቁ ያለው እዛ ነው። የአሮጊቷን ንግግር ደግሞ እንዳለ ተዉት፣ ከናንተ የተሻለ ቀልድ የተናገረ ሰው ካለ ለሱ ልቀቁለት።

"ምስኪን እኔ" አትበሉ። እዘኑልኝ እያለ የሚያስቅ ሰው የለም። ሌላኛው ጫፍ ደግሞ አለ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ድክመትህ ምንድነው ሲባል "ሥራ አበዛለሁ" የሚለው ዓይነት፣ እሱ ጉራ ነው። የዘንድሮ ፌስቡክ በዚህ የተሞላ ነው፣ "ከዜሮ ተነስቼ" ይላል፣ ዜሮው ላይ ግን ሁለት መስመር አይቆይም፣ መኪናው ጋ ለመድረስ ይቸኩላል። እውነቱን ለመናገር ቲክቶክ ላይ ያላችሁት ልጆች ከኛ ትውልድ ትሻላላችሁ፣ ራሳችሁ ላይ መሳቅ አታፍሩም፣ ብቻ ሁሉም ነገር ሠላሳ ሰከንድ ይሆንና ማን እንደወደቀ ሳናውቅ ወድቆ እናየዋለን። ፊልተሩንስ ምን ልበለው፣ አፍንጫውን አሳምሮ ስለ መልኬ ልቀልድ የሚል ሰው አይገባኝም።

ሌሎችን አታስገቡበት ልላችሁ ነበር፣ ራሳችሁን ብቻ አቅርቡ፣ የእናት የአባት የጓደኛ ገመና የናንተ አይደለም ልል። ግን ይኸው እኔ ራሴ ከላይ ጀምሮ የማወራው የአለቃዬን ነው፣ የባለቤቴንም ጨምሬ። ስለዚህ እሱን እናንተው ፍረዱ።

ሴቶቹን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አለ፣ ለልጅቷም በማግስቱ ተመልሼ ነግሬአታለሁ። ወንድ ጉድጓድ ሲገባ ጨዋታ ነው፣ ሴት ስትገባ በዚህ ከተማ ለጊዜው ሐሜት ነው። አይጽፉም እያልኩ አይደለም፣ ዋጋው እኩል አይደለም ነው የምለው፣ እና "ድፈሪ" እያለ የሚመክር ሽማግሌ እኔን ጨምሮ ኪሱ የማይነካ ሰው መሆኑን ማወቅ አለባችሁ። እሷ ግን ከኔ ቀድማ አስባበት ኖሯል። "ጋሼ፣ እኔ ካልጻፍኩት እኮ ሲኒየሬ ታወራዋለች" አለችኝ።

ማጋነን ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄም አለ። አይቻልም። ስለ ራስ ሲጻፍ የሆነው ነው መጻፍ ያለበት፣ አንዴ የዋሸ ሰው ቀጥሎ ቢያለቅስም አይታመንም። አለቃዬ ግን እኔ ሥራ ስጀምር ጭቃው ጉልበታቸው ጋ ነበር፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወገብ ደረሰ፣ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ደረታቸው ጋ ደርሷል፣ እኔም ሳኒታሪያን ነኝና የጉድጓድ ጥልቀት አውቃለሁ፣ አንድ ቀን መኪና ውስጥ "ጋሼ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ፣ ጉልበት ነው ወገብ ነው ደረት?" አልኳቸው። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። "ከተጠራጠርክ ወርደህ ለካው" አሉኝ።