«ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ልጅ ልብ ስጠው»

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ካቶሊኮች ነን፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሦስት ልጆቻችን ጋር መቁጠሪያ እንጸልያለን። የ15 ዓመቱ ትልቁ ልጃችን ግን ከወር ወዲህ «እናንተ ጸልዩ፣ እኔን ተዉኝ» እያለ ክፍሉን ይዘጋል። ሲቀመጥም ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ልጅ ልብ ስጠው፣ ከስልኩም አላቀው» ይላል። ታናናሾቹ ይስቃሉ። ባለፈው «ለቄስ የምንናዘዘው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ «አትቀባጥር» አልኩት። እምነቱን ሊጥል ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ የባለቤትዎ ጸሎት ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቅር አይበልዎትና፣ ይሄ በእግዚአብሔር በኩል የተላከ ቁጣ ነው። ልጁ አባቱ ቢቆጣው ይመልስ ይሆናል። ለጸሎት ግን ምን ብሎ ይመልሳል? ያውም ታናናሾቹ እየሳቁበት። የቀረው በር መዝጋት ነው።

በር ስለዘጋ እምነቱን ጣለ አልልም። ደንታ የሌለው ልጅ ስለ ኑዛዜ ምን አስጠየቀው? በዚህ ዕድሜ ልጆች ከወላጅ የተቀበሉትን እያገላበጡ ያያሉ። የራሳቸው የሚያደርጉትም እንዲያ ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ቬርን ቤንግትሰን በካሊፎርኒያ ቤተሰቦችን ለ35 ዓመታት ያህል ተከታትለው ነበር። እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ በመተላለፉ በኩል ትልቅ ድርሻ ያለው ሆኖ ያገኙት የወላጅ ቅርበት ነው፤ በተለይ የአባት። ቤተክርስቲያንም የራቀ ነገር አትልም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ወላጆችን በቃልም በምሳሌም ለልጆቻቸው የመጀመሪያ የእምነት ሰባኪዎች ብሏቸዋል። እርስዎ ቤት ቃሉ አልጎደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ አባትየው ልጁን ለብቻው ይጥራውና «በጸሎት መሃል አሳፈርኩህ፣ አጠፋሁ» ይበለው። «ግን አንተም…» የምትል ቅጥያ እንዳይጨምር አደራ። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ እኛ ዘንድ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ልጁ የጠየቀው ስለ ኑዛዜ አይደል? ጥፋትን በአፍ መናገር ምን እንደሚመስል አባቱ ላይ ያየዋል።

እርስዎ ደግሞ ወደ ጥያቄው ይመለሱ። «ያን ቀን ዝም ያሰኘሁህ መልሱ ስለጠፋኝ ነው፤ አብረን እንፈልግ» ይበሉት። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ማጠቃለያ 598 ጥያቄና መልስ አለው፤ ስለ ንስሐ ያለውን ክፍል አብራችሁ አንብቡ። አጥጋቢ ካልሆነለት ራሱ ቄሱን ይጠይቃቸው። እርስዎ አጠገቡ ሆነው አይመልሱለት።

የእሁድ ቅዳሴ የቤቱ ደንብ ሆኖ ይቀጥል። የማታው መቁጠሪያ ግን ለእሱ ግብዣ ይሁንለት። ደግሞስ ማታ 3 ሰዓት የቤት ሥራ ለሚጠብቀው ተማሪ ረፍዷል። ከራት በፊት አድርጉት፤ አምስቱን ምሥጢር፣ ማለትም አምስቱን የመቁጠሪያ ክፍል፣ ትታችሁ በአንዱ ጀምሩ። ለማን እንደሚጸለይ ልጆቹ በተራ ይምረጡ፣ ለታመመ ጓደኛም ይሁን ለፈተና።

አንድ ነገር ግን ይከታተሉ። ከጸሎት ብቻ ሳይሆን ከጓደኞቹም ከምግብም ከራቀ፣ እንቅልፉም ከተዛባ፣ ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላልና ባለሙያ ይየው።

የአባትየውን የይቅርታ ቀን እሁድ ያድርጉት። ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው እየተፈላ፣ አባትና ልጅ ለብቻቸው ይውጡ። የስልኩን ነገር ያን ቀን ማንም አያንሳበት።