ስለ ጂምናስቲክ ነጥብ ጠይቁኝ

ጎንደር ማራኪ ውስጥ ልጆች ጂምናስቲክ አሰለጥናለሁ። የቡድን ውድድር ነጥብ ግራ የገባችሁ በዝታችኋል፤ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ድሮ ከ10 ነበር። 14 ምናምን የሚሉት ከየት መጣ?

ሩማኒያዊቷ ጂምናስት ናዲያ ኮማነቺ በ1976 ሞንትሪያል ኦሊምፒክ ላይ 10 ስታገኝ ሰሌዳው 1.00 ብሎ አረፈው፣ 10 መጻፍ አይችልም ነበራ! ከ2006 ወዲህ ሁለት ነጥብ ይደመራል። አንዱ የሥራው ክብደት ነው፣ ጣሪያ የለውም። ሌላው አሠራርህ ነው፤ ከ10 ይነሳና ትንሽ ስህተት 0.1፣ ጎላ ያለ 0.3፣ ከባድ 0.5፣ መውደቅ ሙሉ 1 ነጥብ ይቀንስብሃል።

ጥያቄ፦ አሰልጣኝ፣ አንዱ ቢወድቅ የእሱን አይጥሉትም? (ከአዘዞ)

ፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ማጣሪያው ላይ አዎ፣ 4 ሠርተው የ3ቱ ይያዝ ነበር። ፍጻሜው ላይ ግን 3 ይወጣሉ፣ የ3ቱም ይያዛል። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። የቻይና ወንዶች የመጨረሻው መሣሪያ፣ አግዳሚው ብረት ላይ ሲደርሱ ጃፓንን ከ3 ነጥብ በላይ ይመሩ ነበር። ሱ ዌይደ ሁለቴ ወደቀ፣ ጃፓን በ0.532 ወርቁን ወሰደች። ልጁን የሚሰድብ ሞልቷል፤ በእኔ እምነት ግን ማን የትኛው ላይ ይውጣ የሚለው ውሳኔ ነው ግማሹን ጨዋታ የሚጨርሰው። የአሜሪካ ወንዶች እዚያው ስቴፈን ኔዶሮሺክን ለአንድ መሣሪያ ብቻ፣ ለባለ እጀታው ፈረስ ብለው ይዘውት መጡ። ሌሎቹ ሲለፉ እሱ ቁጭ ብሎ ጠበቀ፣ መጨረሻ ላይ ወጥቶ 14.866 አገባ። ለቡድኑ ነሐስ! በቡድን ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ቡድኗን ጥላ መውጣቷ አይከፋም?

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። ዝላዩ ላይ ሁለት ተኩል ልትሽከረከር ተነስታ አንድ ተኩል ላይ ቀረባት፣ አየር ላይ የት እንዳለች ጠፍቷታል። በዚያ ሁኔታ ብትቀጥል ነጥቧ የግድ ይያዛል፣ አንገቷም ሊሰበር ይችላል። ጆርዳን ቻይልስና ሱኒ ሊ ተተክተውላት ብር አመጡ።

ጥያቄ፦ ዳኛ ቢበድል አቤት ይባላል?

ስለ ክብደቱ ብቻ። በአሠራሩ ላይ የቆረጡት ተቆረጠ። ሰዓትም አለው፤ መጨረሻ ለወጣ ሰው 1 ደቂቃ ነው። ፓሪስ ላይ በግል የወለል ፍጻሜ ቻይልስ 0.1 ተጨምሮላት ነሐስ ወሰደች፣ ከዚያ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ አቤቱታው 4 ሰከንድ ዘግይቷል አለና ሜዳሊያው ወደ ሩማኒያዋ አና ባርቦሱ ዞረ። ክርክሩ በዚያም አልቆመም። በ4 ሰከንድ፣ አስቡት።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤት ውድድር ተማሪዬ ከባዱን ግልበጣ ይሞክር ወይስ ቀላሉን?

ሒሳቧን ሥራት። ከባዱ 0.4 ቢጨምርለት፣ መውደቅ 1 ይቀንስበታል። ልምምድ ላይ ከ10 ከ4 ጊዜ በላይ የሚወድቅ ከሆነ ኪሳራ ነው። በቡድን መጀመሪያ የሚወጣ ከሆነማ ቀላሉን ያዝ፣ የፊተኛው ሲወድቅ የኋለኛው ይርበተበታል። በነጥብ ተመርታችሁ እሱ መጨረሻ ከወጣ ግን ይሞክራት።