ድራመሩ ሄደ፤ ኪቦርዱ ይተካው?

ከኮዬ ፈጬ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ጊዜ እንደ ሙያ አማካሪ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወጣትነቱን ኪቦርድ ተሸክሞ ከሰርግ ሰርግ ሲዞር እንደጨረሰ ሰው።

ለሌሎች አንባቢዎች ጉዳዩን ላሳጥረው። ጠያቂዬ የ26 ዓመት ወጣት ናት። በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ቀን ቀን ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ መጋዘን ትሠራለች፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከድምፃዊ፣ ከቤዝ ጊታር ተጫዋችና ከድራመር ጋር ሆና በአንድ ሆቴል ትጫወት ነበር። ድራመሩ ዱባይ ሄደ። የሆቴሉ ባለቤት «ኪቦርዱ ውስጥ ድራም አለ አይደል? ሦስት ሆናችሁ ቀጥሉ» አሉ። እሷም በአሮጌው ወርክስቴሽኗ (ዘፈን በየክፍሉ ቀድቶ የሚያጫውት ኪቦርድ ነው) የ12 ዘፈኖችን ድራም ከመግቢያ እስከ መዝጊያ ቀድታ ቀረበች። በሦስተኛው ዘፈን እስክስታው ደርቶ ድምፃዊው አዝማቹን ሲደግመው፣ ማሽኑ መዝጊያውን መትቶ ጸጥ አለ። «መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ» ትላለች። ጥያቄዋ ሁለት ነው፦ ወርክስቴሽኑን ሸጬ አጃቢውን ራሱ የሚሞላ አሬንጀር ኪቦርድ ልግዛ? ይህስ ሥራዬን ትቼ የምተዳደርበት ሙያ ይሆናል?

መሣሪያውን አትሽጪ። የመጋዘኑንም ሥራ ገና አትልቀቂ።

ከመሣሪያው እንጀምር። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ዘፈኑን ለካሴት የሚቀዳ ይመስል ከዳር እስከ ዳር መቅዳትሽ ነው። እኔም በዚሁ ተቀጥቻለሁ። ሱሉልታ መንገድ ላይ ለነበረ አንድ ሰርግ የሙሽራ መግቢያውን አራት ደቂቃ ቀድቼ ሄድኩ። ሚዜዎቹና የሙሽሪት ወገኖች በር ላይ «አናስገባም»፣ «እንገባለን» መባባሉ ጣማቸውና ሩብ ሰዓት ቆሙ። የእኔ ድራም በአራት ደቂቃው አለቀ። ያዳኑኝ አንዲት እናት ናቸው፤ ከበሮ አንስተው ሙሽራው እስኪገባ ድረስ መቱት። ሒሳቤን ተቀብያለሁ፤ ሥራውን የሠሩት ግን እሳቸው ነበሩ።

ድራመራችሁ የድምፃዊውን ትከሻ እያየ ያራዝም፣ ያሳጥር፣ ያበርድ ነበር። ማሽኑ መምታቱን ይችልበታል፤ ማየቱ ግን አንቺ ላይ ወድቋል። ስለዚህ ድራሙን በፈለግሽው ቅጽበት ልታዢው በምትችይው መልክ ቆራርጪው። 12 ዘፈኖችሽን ብትመረምሪያቸው አራት ወይም አምስት ዓይነት ምት ቢወጣቸው ነው። ለእያንዳንዱ ምት አራት አጫጭር ፓተርን፣ ማለትም የምት ቁራጭ፣ ይበቃሻል፦ ለስንኙ ለስለስ ያለ፣ ለአዝማቹ ሞላ ያለ፣ ተጫዋቾች ፊል የሚሉት የአንድ ባር (የአንድ ምት ዙር) ማሸጋገሪያ፣ ከዚያም መዝጊያ። ሁለቱ ዋና ፓተርኖች አንቺ እስክታቆሚያቸው ድረስ ይዙሩ። ኪቦርድሽ ፓተርን ሲቀየር የተጀመረውን ባር አስጨርሶ የሚቀይርበት ቅንብር ካለው አብሪው፤ አለበለዚያ ጣትሽ በዘገየ ቁጥር ምቱ መሐል ላይ ይሰነጠቃል።

በፈጣኑ የእስክስታ ምት፣ በቺክቺካው ላይ «ፍጥነቱ አልመጣልኝም፤ 120 ላይ ባደርገውም ይጎተታል» ብለሻል። ይህ የሒሳብ ሰው ሊገባው የሚገባ ስሕተት ነው። የአብዛኞቹ ወርክስቴሽኖች ቴምፖ (የፍጥነት ቁጥር) በደቂቃ የሚቆጥረው ሩብ ኖታን ነው። ቺክቺካን በ6/8፣ ማለትም ባሩን በስድስት ስምንተኛ ኖታ ከፍለሽ፣ ስትጽፊው ግን እግርሽ ወለሉን የሚመታው በየሦስቱ ስምንተኛ ኖታ ነው፤ ይህም የሩብ ኖታ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። እግርሽ በደቂቃ 120 ጊዜ እንዲመታ ከፈለግሽ ማሽኑ ላይ የምትጽፊው 180 ነው። አንቺ 120 ስትይው በደቂቃ 80 ጊዜ ነበር የሚመታው። ይጎተታል ማለትሽ ትክክል ነበር።

ፋብሪካው የጫነውን የ6/8 ድራም ደግሞ እርሺው። አብዛኛው ለዝግተኛ የፈረንጅ የፍቅር ዘፈን የተሠራ ነው። እውነተኛ ከበሮ አጠገብሽ አስቀምጪና ስሚው፦ ሰፊው ፊት ወፍራም፣ ጠባቡ ፊት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ለሰፊው ፊት ቶም ከሚባሉት የድራም ድምፆች ወፍራሙን፣ ለጠባቡ በእጅ የሚመታውን የተከፈተ ኮንጋ መርጠሽ የድምፃቸውን ቅጥነትና ውፍረት እያስተካከልሽ አስማሚያቸው፤ ጭብጨባውን ከላይ ጨምሪበት። በእጅሽ ከቀዳሽው በኋላ ማሽኑ ምቱን ራሱ እንዲያስተካክልልሽ ስታዢው ለከበሮው ሙሉ በሙሉ፣ ለጭብጨባው ግን በከፊል ይሁን። የሰው እጅ ሁሉ በአንድ ቅጽበት አያጨበጭብም፤ ጭብጨባው ፍጹም እኩል የወደቀ ቺክቺካ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው የሚሰማው።

የፈጠርሽውን ነገር በቁጥር መያዝም ልመጂ። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የጄኔራል ሚዲ ስምምነት (የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች ድምፆችን በአንድ ቁጥር እንዲይዙ የሚያደርግ ነው) መሠረት ድራም የሚቀመጠው በ10ኛው ቻናል ነው፤ የባስ ድራሙ ኖታ 36፣ ስኔሩ 38፣ የተዘጋው ሃይ ሃት (ጥንዱ ጸናጽል) 42፣ የተከፈተው 46 ነው። ኖታ 36ን ያማሃ ሲ1 ይለዋል፤ ኮርግና ሮላንድ ሲ2 ይሉታል። ስሙን ብቻ የያዘ ሰው ሌላ ኪቦርድ ላይ ሲቀመጥ ግራ ይጋባል፣ ቁጥሩን የያዘ ግን አይሳሳትም። ይህ ለምን እንደሚጠቅምሽ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ሁለቱም እጆችሽ ሥራ ላይ ስለሆኑ ትእዛዙን ወደ እግርሽ አውርጂው። ሁለት የእግር መርገጫ ካለሽ አንዱ ለማስጀመርና ለማቆም፣ ሌላው ለማሸጋገሪያው ይሁን። አንድ ብቻ ካለሽ ለማቆሚያው ስጪው፤ ንግግር ሊያደርጉ የተነሱ ሽማግሌ ማይክ ይዘው ቆመው ድራም ሲመታ ከማየት የከፋ ነገር የለም።

የቤዝ ተጫዋቻችሁ «ከማሽኑ ጋር አልገጠምኩም» ማለቱን እንደ ስንፍና አትቁጠሪው። ድራመር ሲኖር ምቱን በጆሮውም በዓይኑም ያገኘው ነበር፤ አሁን የሚሰማው ከሕዝቡ በኩል ዞሮ የሚመጣውን ነው። ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበትን ስፒከር፣ አንድ ሞኒተር፣ ወደ እሱ አዙሩለትና ሃይ ሃቱ ጎልቶ ይሰማው። ኪቦርድሽ ለድራም የተለየ መውጫ ከሌለው ድራሙን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ፣ የምትጫወቺውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ገፍተሽ ሁለት ገመድ ወደ ሚክሰሩ ስደጂ፤ የሳውንድ ባለሙያው ሁለቱንም መሐል ላይ አድርጎ ለየብቻ ያስተካክላቸዋል። በስቴሪዮ መስማቱ ይቀራል፤ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ የሚሰማሽ ሰው ግን አይቀየምሽም። ሴራሚክ የተነጠፈበት አዳራሽ በራሱ ስለሚያስተጋባ የድራሙን ማስተጋቢያ አጥፊው።

መብራቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። በብዙ አሮጌ ወርክስቴሽኖች ያልተቀመጠ ሥራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እያንዳንዱን ለውጥ ኪቦርዱ ላይም ፍላሽ ላይም አስቀምጪ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚያቆይ አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያም ግዢ። ከኪቦርዱ ሥር ደግሞ አንድ እውነተኛ ከበሮ ይኑር።

አሬንጀሩን ለምን አልመከርኩም? ብቻውን ሰርግ ለሚያጫውት ሰው ግሩም መሣሪያ ነው፤ በግራ እጅ ኮርድ ተከትሎ ቤዙንም አጃቢውንም ይሞላል። እናንተ ግን የቤዝ ተጫዋች አላችሁ። አጃቢው ደግሞ የተሠራው ለፈረንጆቹ ሜጀርና ማይነር ቅኝት ነው፤ አንቺ ሆዬ ወይም አምባሰል ላይ ስትገቢ ቅኝቱ የማያውቀውን ኖታ ይወረውርብሻል። ገንዘብሽን አውጥተሽ ከድራሙ በቀር ሁሉንም ማጥፋትሽ አይቀርም። ደግሞም በማሽን ድራም መጫወት የሚያሳፍር አይደለም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ሥራ አኮርዲዮንና ድራም ማሽንን ያዛመደ ነው፣ ዛሬም ይደመጣል።

ወደ እንጀራው እንምጣ። የሆቴሉ ባለቤት የአንድ ሰው ክፍያ ተርፏቸዋል፤ የዚያ ሰው ሥራ ግን አልቀረም፣ ወደ አንቺ ሌሊት ዞሯል። የድራመሩን ድርሻ በሙሉ ልውሰድ አትበዪ፤ ጓደኞችሽን ያስከፋል፣ ባለቤቱም አይሰሙሽም። ግማሹ ለዝግጅቱ ለአንቺ ይሁን፣ የቀረው ለሁለቱ ይከፈል ብለሽ ጠይቂ። የተስማማችሁበትን በወረቀት አስፍሩት፦ ስንት ሰዓት እንደምትጫወቱ፣ ስፒከሩ የማን እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ክፍያው ይቀነስ እንደሆነ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ መሣሪያ ይዛ ወደ ኮዬ ፈጬ የምትመለስ ሴት መጓጓዣ የውለታ ጉዳይ እንዳይሆን እሱም በውሉ ውስጥ ይግባ። በዚህ ላይ ጠንክሪ።

መጋዘኑን አትልቀቂ ያልኩት ሙያውን ስለናቅኩት አይደለም። የከተማችን ዳር ሰርግ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይግተለተላል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል፤ በመካከሉ ባሉት ጾሞች ምሽቱ ይቀዘቅዛል። የጥርን ገቢ በ12 አባዝቶ ሥራ የለቀቀ ሰው ሁለት አውቃለሁ። አንቺ ደብተር መያዝ የተማርሽ ነሽ፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የገባውንም የወጣውንም መዝግቢና ከደመወዝሽ ጋር አስተያይው።

እስከዚያው ግን ሌላ በር አይቼልሻለሁ፣ ቁጥሮቹን ያዢ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ለገጣፎም ሰበታም ጥሩ ኪቦርድ ገዝተው የፋብሪካውን ድራም ብቻ የሚያጫውቱ ልጆች ሞልተዋል። የአገር ምት ሠርቶ መሣሪያቸው ላይ የሚጭንላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ይህ ሥራ ቀን ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ የሌሊት ታክሲ የማይጠይቅ ነው። ለአንድ ጓደኛሽ በነፃ ሥሪለት፤ ሦስተኛው ሰው ሲጠይቅሽ ዋጋ ቁረጪ።

ለመጪው ዓርብ ሁሉንም አታዘጋጂ። ቺክቺካውንና አንድ ዝግተኛ ምት ብቻ ይዘሽ ተለማመዱ፤ ድምፃዊው ሆን ብሎ ያሳስትሽ። አዝማቹን አምስት ጊዜ ይደጋግመው፣ ስንኙን ይዝለለው፣ መሐል ላይ ሳይነግርሽ ዝም ይበል። እግርሽ ሳትደናገሪ መከተል ሲጀምር ሦስተኛውን ምት ጨምሪ። የውሉን ረቂቅ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።