ሜትር ይዞ የመጣው ቀለም ቀቢ

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ፤

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው።

የምንኖረው ደሴ፣ ሮቢት ነው። እኔ መምህር ነኝ፣ ባለቤቴ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ነገሬ ተራ ይመስልዎት ይሆናል፤ ባለቤቴ መጽሐፍ ማንበቤን ጠልቶብኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ልብወለድ እወዳለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ ልብ አንጠልጣይ የሚሏቸው፣ በባልና ሚስት መካከል ስለሚፈጸም ክህደት የተጻፉት ይዘውኛል። ፒያሳ መጽሐፍ ከሚያዞር ልጅ እየተከራየሁ ነው የማነበው። በመጨረሻ የያዝኩት ባልየው ሚስቱ ሳታውቅ ቤታቸውን ሸጦ ከሌላ ሴት ጋር ሊጠፋ ሲሰናዳ የሚያሳይ ነበር። ያን መጽሐፍ እጄ ላይ ካየ ወዲህ ሰላም የለንም። "መርማሪዋ" ይለኛል። እንግዳ ባለበት "እሷ እኮ አቦሉ እስኪወርድ አንድ ሰው ገድላ አንድ ቤት አሽጣ ትመለሳለች" ይላል፣ ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ! እህቱ ደግሞ በየደረሰችበት "ያ መጽሐፍ አእምሮዋን ነካው" እያለች ታወራለች።

ለዕቃ ኮምቦልቻ ሲወርድ አንዳንዴ እዚያው ያድራል። "ሐረጎ ጉም ነው፣ በማታ አይነዳም" ይለኛል። "በጋም ጉም ነው እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው "ይኸው መጽሐፉ ተናገረ" ብሎ ልጆቹ ፊት አሸማቀቀኝ። ሁሉም ነገር መጽሐፉ ሆነ። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሁለት ሰዎች መጥተው ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በሜትር ለክተው፣ ክፍል ቆጥረው፣ ቤቱን ከፊት ከኋላ፣ ከመንገዱም ጋር ፎቶ አንስተው እንደሄዱ ልጄ ነገረችኝ። ማታ ብጠይቀው "ቀለም ቀቢዎች ናቸው፣ ለበዓል ላስቀባልሽ ነው፤ እሱንም ምዕራፍ አደረግሽው?" አለኝ። አፈርኩ። በዓሉ አልፎ ቀለሙም አልተቀባም፤ ጀምሮ መተው ልማዱ ነው።

በቀደም ግን መጽሐፉን ከትራሴ ሥር አውጥቶ ከሰል ላይ ጣለው። የሰው ንብረት ነበርና ዋጋውን ከፈልኩ። ለእናቴ ብነግራት "ባልሽ ካልወደደው ምን አስጨነቀሽ፣ ተይው" አለችኝ። አንድ ሰው እንኳ ሊገባው አልቻለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቤቱን የሠራነው ከተጋባን በኋላ ነው፤ ወርቄም ዕቁቤም ገብቶበታል፤ ካርታው ግን በእሱ ስም ነው። "በ2014ቱ ጦርነት ፋይል ተበትኗል፣ ካርታው መታደስ አለበት" ስላለኝ ዓምና ውክልና ሰጥቼዋለሁ። ሰልፍ ነበር፣ ክፍልም ነበረብኝ፣ ሳላነበው ፈርሚ ያሉኝ ቦታ ፈረምኩ። የኒካህ ወረቀታችን እናቱ ዘንድ ነው ያለው። ውክልናውን ሳልነግረው ማንሳት እችላለሁ? ብችልስ ነውር አይሆንም? ወይስ እሱ እንደሚለው ልብወለዱ ነው ያሳበደኝ?

ዘ. ነኝ፣ ከደሴ


መልስ

እታለም፣

ቀለም ቀቢ አጥር አይለካም። ግድግዳውን ዳስሶ የቀድሞው ቀለም የዘይት ይሁን የውሃ ያያል፣ ስንት ጋሎን እንደሚፈጅ ገምቶ ዋጋውን ይነግርሻል። ግቢ ከወሰን እስከ ወሰን የሚለካው ስፋቱን ካርታው ላይ ካለው ጋር ለማመሳከር ነው። ቤት ከመንገዱ ጋር ፎቶ የሚነሳው የግምት ሪፖርት ላይ ሊያያዝ ነው። ይህ የባንክ ገማች ሥራ ነው፤ ካልሆነም ሊገዛ ያሰበ ሰው የላከው ባለሙያ ነው። አንቺ ግን ይህን ሁሉ በእህቱ ሐሜትና በተቃጠለው መጽሐፍ መካከል ሸጉጠሽ፣ "ጀምሮ መተው ልማዱ ነው" ብለሽ ይቅርታውንም ራስሽ ጽፈሽለት አለፍሽ።

ሁለተኛው ከዚህም ይብሳል። ካርታው በእሱ ስም ከሆነ፣ ለማሳደስ የአንቺ ውክልና ምን ያደርግለታል? ባለ ካርታው ራሱ ነው፤ መታወቂያውን ይዞ ሄዶ ያሳድሳል። የሚስት ፊርማ የሚፈለገው ቤቱ ሲሸጥ፣ ሲለወጥ፣ በስጦታ ሲተላለፍ ወይም በመያዣ ሲሰጥ ነው።

ስለዚህ ነገ የመጀመሪያ ሥራሽ የፈረምሽበት ውልና ማስረጃ ሄደሽ ቀሪውን ማስወጣት ይሁን። መታወቂያሽን ያዢ፣ የፈረምሽበትን ቀን በግምትም ቢሆን ንገሪያቸው፤ ሰጪዋ አንቺ ነሽና ኮፒ መጠየቅ መብትሽ ነው። እዚያው ቁጭ ብለሽ ግሦቹን አንብቢ። "ለማስተዳደር፣ ለማከራየት፣ ግብር ለመክፈል" ብቻ የሚል ከሆነ ትንፋሽሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2203 እስከ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ከማስተዳደር አያልፍም፣ ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ አስይዞ ለመበደር" የሚል ቃል ካገኘሽ ግን ከመስኮቱ ሳትርቂ መሻሪያውን ጠይቂ።

መሻር ትችያለሽ። አንቀጽ 2226 ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር እንደሚችል ይደነግጋል፤ የተወካዩ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ምክንያት መስጠትም አይጠበቅብሽም። ነውር ነው ወይ ላልሽው፣ ነውሩ ሚስትን ሳያስነብቡ ማስፈረም ነው። ደግሞም ቀድመሽ እንዳትነግሪው። "ልሽረው ነው" ብለሽ ያሳወቅሽው ቀን ውክልናው ገና በእጁ ነው፤ ይሠራልም።

ብዙ ሴቶች የሚሳሳቱት ከሻሩ በኋላ ነው። መሻሪያውን አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። መሻሩን ያልሰማ ባንክ ወይም ገዢ ግን በቅን ልቦና ነው የተዋዋልኩት ብሎ ይከራከራል፣ ሊረታም ይችላል። ስለዚህ ማኅተም ያረፈበት ቢያንስ 4 ቅጂ ያስፈልግሻል። አንዱ ለባለቤትሽ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላካል፣ ደረሰኙ ይቀመጣል። አንዱ ለማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ አንዱ ለባንኩ፣ አንዱ ለራስሽ። የቱ ባንክ እንደሆነ አላውቅም ካልሽኝ፣ ደሴ ያሉትን ቅርንጫፎች ሁሉ መዞር የለብሽም። የመያዣ ውል የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ካልገባ አይጸናም፤ ሽያጭም ሦስተኛ ወገንን የሚያስረው ሲመዘገብ ነው። ሁለቱም መጨረሻቸው ማዘጋጃ ቤት ያለው የቤትሽ ፋይል ነው።

በእነዚያ መጽሐፎች ውስጥ ሚስትየዋ ስልክ ትፈትሻለች፣ ኪስ ታገላብጣለች፣ ባሏን ተከትላ ሆቴል በር ላይ ትቆማለች፤ ግማሹ መጽሐፍ በዚህ ያልቃል። ውጭ አገር የተጻፉት ውስጥ ደግሞ ነገሩ የሚጋለጠው በኢንሹራንስ ወይም በጋራ የባንክ ሒሳብ ነው። ደሴ ላይ የሚጋለጠው በካርታ፣ በውክልናና በያላገባ ማስረጃ ነው፤ ኮምቦልቻ ድረስ ተከትለሽው ብትወርጂ የምታገኚው ቢበዛ ጠብ ነው። ከመጽሐፎቹ አንድ ነገር ግን ውሰጂ፤ ባልየው ከቤቱ አስቀድሞ የሚወስደው የሚስቱን ተአማኒነት ነው። ጎረቤቱ "እሷማ ታስባለች" ማለት ከጀመረ በኋላ ምን ብትጮህ የሚሰማት የለም። "መርማሪዋ" እየተባልሽ አብረሽ የሳቅሽው ያን ነው። ልብወለዱ አላሳበደሽም።

ወደ ሥራችን። ለማዘጋጃ ቤቱ መሬት ክፍል አጭር ማመልከቻ ጻፊ፤ የባለቤትሽን ስም፣ የካርታውን ቁጥር ወይም የቦታውን አድራሻ፣ ሚስቱ መሆንሽን፣ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ መሠራቱን፣ ውክልናው መሻሩን ጥቀሺ። ከዚያ በፋይሉ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ መኖሩ በጽሑፍ እንዲገለጽልሽ ጠይቂ። ሠራተኛው "አየነው፣ ምንም የለበትም" ቢልሽ በአፍ አትመለሺ። ማመልከቻሽ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥሩና ቀኑ በኮፒሽ ላይ ይጻፍልሽ፤ ነገ ፍርድ ቤት የሚጠይቅሽ ያን ቁጥር ነው።

የኒካህ ወረቀቱ አማትሽ ዘንድ መሆኑንም እንዲሁ በአንድ መስመር አለፍሽው። ጋብቻው በወሳኝ ኩነት ካልተመዘገበ ባለቤትሽ ያላገባ ማስረጃ ለማውጣት ብዙ አይቸገርም፤ ያን ካገኘ ውክልናውም አያሻውም። አለመመዝገቡ ጋብቻውን አያፈርሰውም፤ በሃይማኖት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የጸና ነው። ማስረጃውን ግን አንቺ መሰብሰብ አለብሽ። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ባልና ሚስት ተብላችሁ የተመዘገባችሁበትን የእድር መዝገብ፣ ትምህርት ቤትሽ ባለው የግል ማኅደርሽ ባለትዳር ብለሽ የሞላሽውን ቅጽ ያዢ፤ ኒካሁን ያሰሩት ሼህና ምስክሮቹም አሉ። እናትሽ "ተይው" ከሚሉሽ ይልቅ ምስክርነታቸው ነው የሚጠቅምሽ። አማትሽን ግን ወረቀቱን አትጠይቂያቸው፤ ማታውኑ ልጃቸው ጆሮ ይደርሳል።

ፋይሉ ላይ ዕዳ ከተገኘስ? በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፤ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም እንዲሁ (ሕጉ በ1992 ሲወጣ 500 ብር ገንዘብ ነበር)። አንቀጽ 69 ደግሞ ያለ ስምምነትሽ የተደረገውን ውል ለማፍረስ ያወቅሽበት ቀን ከዋለ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ክስ እንድታቀርቢ ያዛል። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው፤ ክስሽ ላይ የሚጠቀሰው የእሱ አንቀጽ ነውና ጠበቃሽ ያውጣልሽ። ከክሱ ጋር በቃለ መሐላ የተደገፈ የእግድ አቤቱታ ይቅረብ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 154 ለዚህ ነው። ከባድ የሚሆነው ፊርማው በውክልናሽ ከሆነ ነው፤ "ስምምነቷ ይኸው" ይሉሻል። ተታለልኩ ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ግን ረጅም መንገድ ነው።

ብድሩ የባንክ ከሆነ ፈጠን በይ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ያልተከፈለው ብድር ሲኖር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያለ ፍርድ ቤት ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ለተበዳሪው ነው፤ ተበዳሪው ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ዝም ሊልሽ ይችላል።

ውክልናውን ሽረሽም የማትዘጊው አንድ በር አለ፤ የውሸት ዕዳ። ዘመድ አበድሬዋለሁ ብሎ ይከሳል፣ ባል ፍርድ ቤት ቀርቦ "አዎ አለብኝ" ይላል፣ ፍርዱ በቤቱ ላይ ይፈጸማል። በር ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ ከተለጠፈ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱን አንቀጽ 418 ይዘሽ አፈጻጸሙን ትቃወሚያለሽ፣ ፍርዱን ራሱን ደግሞ በዚያው ሕግ አንቀጽ 358 የመቃወም አቤቱታ ትገጥሚያለሽ።

ነጋዴ ነውና ለዕቃ መግዣ ሊበደር አስቦ ይሆናል፤ ይሁን። ያ ሰው ሚስቱን አስቀምጦ "ቤታችንን ላስይዝ ነው" ይላታል፣ ቀለም ቀቢ አይፈጥርላትም።

ሽማግሌ ወይም አበጋር መጥራትሽ አይቀርም፣ ወሎ ነንና ደግሞም መልካም ነው። ግን ውክልናው ተሽሮ፣ ማመልከቻው ገቢ ከሆነ በኋላ ይሁን። ሽምግልና "ለጁምዓ፣ ከጁምዓ ለሚቀጥለው" እየተባለ ሲገፋ ያ 6 ወር አይቆምልሽም። ሲቀመጡም ኮምቦልቻ ስለሚያድርባቸው ሌሊቶች አትጀምሪ፤ በጉም ያመካኝብሻል። ሽማግሌዎቹ ፊት የመጀመሪያ ጥያቄሽ የግምት ሪፖርቱ ያለው የትኛው ባንክ ነው የሚል ይሁን፣ መልሱንም በቃለ ጉባኤ አጽፊው።