ከሐኪም ተራራ ስለተለቀመው ነጭ እንጉዳይ

ሐረር አጠገብ ከሐኪም ተራራ፣ ከዛፎች ሥር የለቀሙት ነጭ እንጉዳይ ይበላ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ በፎቶው ብቻ ይበላል ለማለት ፈጽሞ አልደፍርም። እግሩን ከአፈሩ በላይ ስለቆረጡት ዋናው መለያ መሬት ውስጥ ቀርቷል። ሌላ ተመሳሳይ እንጉዳይ ዙሪያውን በቢላዋ ፈልፍለው ከነሥሩ ሲያወጡት፣ ከሥሩ ከረጢት መሰል ሽፋን፣ ከአንገቱ ቀለበት፣ ከቆቡ ሥር ደግሞ የተደረደሩ ነጭ ስስ ክፋዮች ካዩበት፣ አማኒታ ከተባለው የእንጉዳይ ወገን ገዳይ ዝርያዎች አንዱ ሊሆን ይችላልና ከምግብ ጋር አያገናኙት፤ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ መጥፋቱም ይበላል ማለት አይደለም። የእነዚህ ገዳይ አማኒታዎች መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ እንጉዳዩ ከተበላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል፤ ከዚያም ትውከቱና ተቅማጡ ጋብ ሲል በሽተኛው የዳነ ቢመስልም ጉበቱ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቀመሰ ሰው ካለ፣ ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂድ።